ሲስተር ውጡልኝ

አክስቴን ከተማው ሁሉ «ሲስተር» ነበር የሚላት፤ ዞር ስትል ግን «ሲስተር ውጡልኝ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ያባረረቻቸው ናቸው። ያላባረረችው ሰው ደግሞ በከተማው ውስጥ አልነበረም።

ወደዚህ የመጣችው ገና ከነርስነት ትምህርት እንደወጣች ነው። ጤና ጣቢያው ያኔ ሁለት ክፍልና አንድ የውሃ ቧንቧ ነበረው። አንድ ሰው ሲታመም ዘመድ አዝማዱ፣ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው ተግተልትሎ ይገባና አልጋው ላይ ሳይቀር ይቀመጣል። የሚያስለው እዚያው ያስላል፤ ሕፃን ያዘለችው ሕፃኗን የታመመው ሰው እግር ሥር ታወርዳለች። በሽተኛውን ከትኩሳቱ ይልቅ የሚያደክመው ጠያቂው ነበር። እሷ ታዲያ መወልወያዋን ይዛ በሩ ላይ ትቆምና «ውጡልኝ! በሽተኛ አየር እንጂ ወሬ አያስፈልገውም!» ትላለች። ሽማግሌ የለ፣ ባለሥልጣን የለ። አንዴ የማዘጋጃ ቤቱን ሹም ከነባርኔጣው አስወጥታዋለች።

ሰው ተቀየማት። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ሲሏት «መድኃኒቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው» ትላለች። ከመርፌዋ ምላሷ ይብሳል ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ኩፍኝ ገባ። በጎረቤት ከተሞች ሕፃናት ሲረግፉ፣ እሷ ቤት ለቤት እየዞረች የታመመ ልጅ ያለበትን በር ሁሉ አዘጋች። እናት ብቻ ትግባ፤ ሌላው የያዘውን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ይመለስ። ሰደቧት፤ አንዲት አያትማ በምርኩዝ ትከሻዋን አቀመሰቻት። ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን የእኛ ልጆች አብዛኞቹ ተርፈው ነበር። ያቺው አያት መጥታ እግሯ ላይ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ቃሏ ሕግ ሆነ። የሴቶች ማኅበር አቋቋመች፤ ሹሞቹን ደጅ ስትጠና ከርማ ማዋለጃ ክፍል አሠራች፤ በየስብሰባው እየተነሳች ስለ እጅ መታጠብና በሽተኛ ስላለማጨናነቅ ስታወራ ሰው ከአፏ እየነጠቀ ይጨርስላት ጀመር።

ባሏ ሾፌር ነበር። «እኔም የታመምኩ ዕለት ታስወጪኛለሽ፤ ከወዲሁ ልውጣ» ብሎ ሄደ፤ እንደ ቀልድ የሄደ ሰው አልተመለሰም። ልጅም አልወለደችም።

ነገሩ የከረረው እናቷ፣ ማለት የእኔ አያት፣ ሳንባዋን ታማ ጤና ጣቢያው የተኛች ጊዜ ነው። እናቴና ሌላዋ እህታቸው ከሩቅ አገር ደረሱ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ አላስገባም አለች። «የእኔ እናት ስለሆነች ሕጉ አይለወጥም። ሲሻላት ትገባላችሁ።» አልተሻላትም። እናቴ፣ እናቷ ስሟን እየጠራች ስታቃስት በመስኮቱ እየሰማች አጥሩ ሥር ቆማ ቀረች። ዕድሜ ልኳን ይቅር አላለቻትም። የአክስቴ ስም በተነሳ ቁጥር «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብላ አፏን ትዘጋለች። እኔ በዚህች ተረት ነው ያደግኩት፤ ስጠላት ነው የኖርኩት፣ ተረቷን።

አክስቴ ጡረታ ወጥታ፣ አርጅታም፣ ማኅበሩን አልተወችም። አንድ ቀን ግቢዋ ውስጥ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ትልቁ ሆስፒታል «በዚህ ዕድሜ ቀዶ ሕክምናውን አትችለውም» ብሎ መለሳት። የቀረሁላት ዘመድ እኔ ነበርኩና ጓዜን ጠቅልዬ ቤቷ ገባሁ።

ጠዋት ጠዋት «ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ» ትለኛለች። «ፀጉሬን አበጥሪኝ። ወንበሮቹንም ወደ አልጋው ጠጋ አድርጊያቸው።» ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ከተማው ሁሉ ይመጣ ነበርና። ይመጣል፤ ግን እስከ አጥሩ በር ድረስ።

«ሲስተር እንዴት አደሩ?» ይላል አናጺው።

«ደህና ናት፤ ግባ እንጂ።»

«ኧረ እኔስ አላጨናንቃቸውም! መቼም ሰው ይበዛባቸዋል።» የያዘውን አቀብሎኝ ይሄዳል። አስተማሪዋም እንዲሁ፣ ልብስ ሰፊውም እንዲሁ። እያንዳንዱ ሌላው ገብቶ የተቀመጠ ይመስለዋል። ስመለስ አክስቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«ማን ነው?»

«አናጺው ነው። እግዜር ይማራቸው ብሏል።»

«ደግ» ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

አንድ ቀን አንጀቴ አረረ። «ግቡ ብላችኋለች ልበላቸው?» አልኳት።

«እንዲህ ያልሽ እንደሆነ ከቤቴ ትወጫለሽ! ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን ራሴ ላፍርሰው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ በቀስታ፣ «ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ ደፋር ይጥፋ?» አለች። ያን ጊዜ ገባኝ። አክስቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷ ሳትለምነው ሕጓን ጥሶ የሚገባላት ሰው።

በማግስቱ እንቁላል ነጋዴዋ በሩ ላይ ስትደርስ ክንዷን ያዝኩት። እናቷ እሷን ስትወልድም፣ እሷ ልጆቿን ስትወልድም ያዋለደችው አክስቴ ናት።

«ተይኝ እቴ! ሲስተር ይቆጡኛል» አለች።

«ትቆጣሽ! ተቆጥታሽ ትዳን!»

እየጎተትኩ አስገባኋት። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ጋ ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፤ ስትፈትገው መቼም የሚያልቅ አልመሰለኝም። ከዚያ በሻርፗ አፏን ሸፍና የበሩ መድረክ ላይ ቆመች። የአክስቴ ፊት ሲፈካ አየሁ። እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥታ ዘረጋችላት። ግን አፏ ቀደማት።

«ማን ግቢ አለሽ?» አለች።

ቀልዷን ነበር፤ ዓይኖቿ እየሳቁ ነበር። ድምፅዋ ግን ያው ጤና ጣቢያው በር ላይ ይሰማ የነበረው ድምፅ ነው፤ ሌላ ድምፅ አልነበራትም። እንቁላል ነጋዴዋ «ይቅርታ ሲስተር፣ ይቅርታ!» እያለች ወደ ኋላዋ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ፤ አልደረስኩባትም።

ስመለስ እጇ እንደተዘረጋ ነበር።

«ቀልዴን እኮ ነው» አለችኝ። «ቀልዴን እንደሆነ አይታወቅም?»

«አይታወቅም» አልኳት። ተናድጄ ነበር፤ በእሷም፣ በእነሱም፣ በእናቴ ተረትም። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩት። አልከለከለችኝም፤ ዓይኗ ግን ከበሩ አልተነቀለም።

ሲነጋጋ አረፈች።

ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። ማንም አጥሩ በር ላይ አልቆመም። ወንበሮቹ ሞሉ፣ ወለሉ ሞላ፣ መተላለፊያ ጠፋ። አናጺው ራስጌዋ ቆሞ ያለቅሳል፣ አስተማሪዋ ሰው መሃል ተጨንቃ ራሷን ልትስት ደረሰች። እንቁላል ነጋዴዋ ሰውን በክርኗ እየገፋች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የአክስቴን እጅ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ኧረ እጃቸው!» አለች። «ኧረ እጃቸው እንዴት ቀዝቅዟል!»

«ትናንት ሙቅ ነበር» አልኳት።