ትራክተር የሌለበት ግጥም

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከጊንጪ ወጣ ብሎ በነበረው ቤታችን ማታ ማታ ተረት የሚነግረን የአባቴ ታላቅ ወንድም ዳባ ነበር፤ እኛ የወንድሙ ልጆች በኦሮምኛ አቤራ፣ አጎት፣ እንለዋለን። ገበሬ ነው፣ ግጥምም ይገጥማል። ያኔ የባሕር ዛፉ ፍልጥ እየተንጣጣ፣ የኩራዙ ጢስ አፍንጫችንን እያጠቆረ፣ አፍ አፉን እያየን እንቀመጥ ነበር።

አንድ እሑድ ግን ከገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። ቦራ የሚለው በሬው ሞቶበት የገጠመለትን ግጥም ለሕዝቡ ብሎት ነበር፦

«ቀንበሩ ተሰቅሎ ከግድግዳው ላይ፣
እንዴት ብዬ ልውጣ ማሳዬን ላይ?»

ካድሬው፣ ጢሙን ገና ያላበቀለ ልጅ፣ ብድግ አለና፣ «ጓድ ዳባ፣ ይህ ጨለምተኛ ግጥም ነው! ለግል በሬ ማልቀስ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው። ትራክተሩስ የታለ?» አለው። አቤራም፣ «ትራክተር ሞቶብኝ አያውቅም» ብሎ መለሰ። ሰው ሳቀ። ያስጠቃው ያ ሳቅ ነው። ለሚቀጥለው እሑድ ግጥሙን አርሞ በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ እንዲያደርግ ታዘዘ፤ እምቢ ያለ ደግሞ እንደሚታሰር ሁላችንም እናውቃለን።

ሚስቱ፣ «በፈጠረህ፣ አንዲት ትራክተር ጨምርበትና ተገላገል!» አለችው።

«የት ላግባት? በሬው ሆድ ውስጥ?» ብሎ ጮኸባት።

ማታ ተረት ስንለምነው፣ «ጅብና አህያ ጎረቤት ነበሩ» ብሎ ጀመረና፣ «ቆይ፣ ጅቡ ከየትኛው መደብ ነው? አህያይቱስ ተደራጅታለች?» እያለ በየቃሉ ይቆም ጀመር። የሚናገረው ለእኛ አይመስልም። በመጨረሻ ጅቡ ግለ ሂስ አድርጎ፣ አህያይቱን ሳይበላ ቤቱ ገባ። ትንሿ እህቴ፣ «ውሸት ነው፣ አቤራ! ጅብ አይተውም!» ብላ አለቀሰች። እሱም ፍሙን ሲቆሰቁስ ቆየና፣ «ይቺ እንኳ ታውቃለች እኮ!» ብሎ እንጨቱን ወርውሮ ተነሣ።

እሑድ አባቴ በሆዱ እየጸለየ ይዞን ሄደ። አቤራ ቆመና፣ «ሳምንቱን ሙሉ ሞከርኩ፤ ትራክተሩ አልገባ አለኝ። የሚያስገባው ካለ ይምጣ» አለ። የሚመጣ ጠፋ። ካድሬው ሊቆጣ አፉን ሲከፍት፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ኦቦ ዳባ፣ የኔም በሬ ሰሞኑን ወደቀ። እስቲ ያቺን ድገምልኝ» አሉ።

ደገመላቸው። ከዚያው ወሰዱት። ሰንብቶ ሲፈታ ቁጣው አብሮት ወጣ፤ «ለአንድ በሬ ይሄ ሁሉ!» እያለ ስንት ጊዜ አማረረ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለ ግጥም የማውቀው ይህንኑ ነው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስቆም፣ ሰው ይሰማኛል ብዬ ያልቸገረኝን ነገር ልደረድር ሲቃጣኝ፣ በራሴ እበሳጫለሁ። የከበደኝን ብቻ ለጌታ ነግሬ፣ አሜን ብዬ እቀመጣለሁ። ጸሎቱ አጭር ነው ብለው የሚያሙኝ አሉ። ይሙኝ።