የሙሽራዋ አምባር

የዩኒቨርሲቲያችን የአልትራሳውንድ መሣሪያ ሲበላሽብኝ ጀጎል ወዳሉ አንድ ብር ሠሪ ሄድኩ። እሳቸው ጌጥ የሚያጥቡት በዚያው፣ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ በሚንቀጠቀጥ ውሃ ነው። መዳብና ድኝ የያዘ ብልቃጤን ውሃው ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ንዝረቱ ለስስ የሶላር ፓነል የሚሆኑ ደቃቅ ጥቁር ክሪስታሎች ይሠራልኛል ብዬ። ሽማግሌው ግን መብራት ሳይሄድብኝ ብለው፣ እኔ ሳላይ፣ የሙሽራ የብር አምባር ሊያጥቡ አጠገቡ ከተቱ።

ብልቃጡ ተሰነጠቀና ድኙ ውሃው ውስጥ ፈሰሰ። የገማ እንቁላል ሽታ ሱቁን ሞላው። አምባሩ ሲወጣ ከሰል መስሏል።

«ያ አላህ!» አሉ አምባሩን ወደ እኔ ዘርግተው። «ፀሐይ የሚይዝ ጥቁር ነገር ነው የምሠራው አላልሽኝም? ይኸው ተሠራልሽ! ሙሽራዋ ኒካ የምታስረው ዛሬ ነው። እናትየዋ በር ላይ ናት፤ አንቺው ንገሪያት።»