እኔ እስካለሁ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሥነ ልቦና ምክር የምሰጥበት ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት፣ እግሮቿ የማይታዘዙላትን የዘጠኝ ዓመት ልጇን አዝላ ደረጃውን ወጥታ ገባች። በዝናብ የራሰው ጋቢዋ ሲሸተኝ የአባቴ ጀርባ ትዝ አለኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የኔም እግሮች አይታዘዙልኝም። አባቴ ትምህርት ቤት ሊያስመዘግበኝ ከሮብ ገበያ በላይ ካለው መንደራችን አዝሎኝ ወረደ። ጉንጬን እርጥብ ጋቢው ላይ ለጥፌ ሲያለከልክ እሰማው ነበር። መምህሩ ስሜን እንኳ የጠየቀው እሱን ነው።

"አባባ፣ በየቀኑ ማን ያመላልሳታል?" አለው።

"እኔ እስካለሁ እኔ" አለ አባቴ።

ሁልጊዜ ይኖራል ማለቱ መስሎኝ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ዓመት አረፈ። እኔም ክራንች እስካገኝ አራት ዓመት ቤት ዋልኩ።

መምህሩ ስሜን እንኳ አባቴን መጠየቁን ስለማልረሳ ነው ዛሬ ሰው ልጅ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ልጁን የማናግረው። "ስምሽ ማነው የኔ ቆንጆ?" አልኳት። ልጅቷ እናቷን አየች።

"እሷ ምን ታውቃለች ብለው ነው" አለች እናትየው። "እኔ ስሞት ምን ትሆናለች? እስቲ እሱን ይንገሩኝ።"

የእናትየውን እጅ ያዝኩ። ልጇን አዝላ ደረጃውን ስትወርድ፣ ክራንቼን ተደግፌ ከላይ ከማየት በቀር ላግዛት አልቻልኩም።