አውኩሶ ታሪክ ሊሠራ የወጣበት ሰኞ

አባቱ አውኩሶ ብለው ስም ያወጡለት በቋንቋችን አውኩሶ በሚባለው በኦገስት ወር ስለተወለደና ሌላ ስም ማሰብ ስለታከታቸው ነበር። እሱ ግን ተምሮ የታሪክ መምህር ከሆነ ወዲህ የሮማው ቄሳር የአውግስጦስ ሞክሼ ነኝ ማለት ጀመረ። በቫይታሌ መንደር ይህን ፊት ለፊት የተቃወመው ሰው የለም። ሚስቱ ሉፔሲና ብቻ ናት፣ "ያኛው አውግስጦስ ዓለምን ገዛ፤ አንተን እንኳን ዓለም አሳማዎቻችንም አይታዘዙህም" የምትለው።

እውነቷን ነበር። አሳማዎቹ የሚሰሙት እሷን ነው።

አውኩሶ አንድ ክፉ ልማድ ነበረበት። የልደቱ ቀን በደረሰ ቁጥር ዕድሜውን ከታላላቅ ሰዎች ዕድሜ ጋር ያስተያያል። ሠላሳ ሁለት ሲሞላው፣ "እስክንድር በዚህ ዕድሜው ዓለምን ይዞ ጨርሶ ሞቷል፤ እኔ የዶሮ ቤቱን ክዳን አልጨረስኩም" አለ። አርባን ሲያልፍ፣ "ኮሎምበስ በዚህ ዕድሜ ውቅያኖስ አቋርጧል፤ እኔን ዋና ከተማው ወዳለበት ደሴት፣ ወደ ኡፖሉ የምትሻገረው መርከብ ገና ከወደቡ ሳትወጣ ያስመልሰኛል" ብሎ ተከዘ። ሃምሳ አንድ የሞላው ዕለት ግን ፊቱ በርቶ ዋለ። ሉፔሲና ምን ተገኘ ብትለው፣ "ናፖሊዮን በሃምሳ አንድ ዓመቱ በግዞት ደሴት ላይ ሞተ። በስንት መከራ አንድ የሚያመሳስለን ነገር ተገኘ፤ ሁለታችንም ደሴት ላይ ነን" አላት።

ለተማሪዎቹም የሚላቸው ይህንኑ ነበር። ታሪክ ለብዙ ዘመን ቀጥ ብሎ ይሄድና አንድ ቀን ይታጠፋል፤ በመታጠፊያው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቆሞ ይገኛል። ወንዙን የተሻገረው ቄሳር፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቃሌን አላጥፍም ያለው ሉተር፣ ጨው ሊለቅም ወደ ባሕር የወረደው ጋንዲ። "የእናንተም ቀን ይመጣል" ይላቸዋል። በልቡ ግን የሚጠብቀው የራሱን ቀን ነበር።

እነሆ፣ መንግሥት ራሱ አመጣለት። ከመቶ ዓመት በላይ በመንገዱ ቀኝ ስንነዳ የኖርን ሰዎች፣ ከሴፕቴምበር ሰባት ቀን፣ ሰኞ ከማለዳው ጀምሮ በግራ እንድንነዳ ታወጀ። ዘመዶቻችን በግራ ከሚነዳባቸው ከኒውዚላንድና ከአውስትራሊያ ርካሽ መኪና እንዲልኩልን ነው ተባለ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ዋና ከተማው ድረስ ሰልፍ ተወጣ፣ ፍርድ ቤት ተኬደ፣ ወፍ የለም። ያኔ አውኩሶ በመንደሩ ሸንጎ ተነሣ። አያቱ በነፃነት ትግሉ ዘመን የለበሱትን ዓይነት ነጭ ጥለት ያለበት ጥቁር ሰማያዊ ሽርጥ አገልድሟል። ስለ ነፃነት፣ ስለ ልማድ፣ ስለ ሮማ አወራ። ላብ እስኪያጠምቀው አወራ። ሲጨርስ ሽማግሌው ቶፊንጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

"መምህር፣ ያልከው ሁሉ ድንቅ ነው" አሉ። "ግን እዚህ መንደር መኪና ያላችሁ አንተና ፔሳሌሊ ብቻ ናችሁ። ሌሎቻችን በእግራችን ነው የምንሄደው። እኛን የትኛው ጎን ውስጥ አገባኸን?"

ፔሳሌሊ የሉፔሲና ወንድም፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እሱም ከጥግ ሆኖ፣ "እኔ በግራ ነው የምነዳው" አለ። "መንጃ ፈቃዴን እወደዋለሁ።"

አውኩሶ አልተበገረም። ሰኞ ጠዋት፣ ሕጉ በሚጸናበት ደቂቃ፣ ፒክአፑን አስነሥቶ በቀኝ በኩል እስከ ሳሌሎሎንጋ ገበያ መገናኛ እንደሚነዳ፣ ቢያስሩትም እንደሚታሰር በሸንጎው ፊት ማለ። ማክሰኞ ለተማሪዎቹ ደገመው። እሑድ ከአምልኮ በኋላም ደገመው፣ ያኔ እንኳ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ሲነሣ ሉፔሲና ጎደሬ ቀቅላ፣ ቅጠሉን በኮኮናት ወተት አብስላ፣ የቆርቆሮ ሥጋ ጨምራ፣ ትልቁን የዘንባባ ዘንቢል ጢም አድርጋ ሞልታ አገኛት።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?"

"ስንቅ ነዋ። ታሪክ የሚሠራ ሰው መጨረሻው እስር ቤት ነው እያልክ የምታስተምር አንተው አይደለህ? እስር ቤት ደግሞ ምግብ የለም።"

"አንቺስ ሽርጥ ቀይረሽ የት ልትሄጂ ነው?"

"አብሬህ ነዋ! አንተ ከታሰርክ ዘንቢሌን ማን ይመልስልኛል?"

በሬዲዮ ጸሎት ተደረገ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ፣ አውኩሶም ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ። በቀኝ በኩል። ቀኑ ሥራ የማይገባበት በዓል ተደርጎ ስለነበር ሰው ሁሉ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ትርዒት ይጠብቃል። የሚያልፍ መኪና ግን የለም፤ ሾፌር ሁሉ ፈርቶ ቤቱ ተከቷል። ባዶ መንገድ ላይ መቃወም ደስ ይላል። አውኩሶ ደረቱን ነፍቶ፣ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ ለሕዝቡ እያውለበለበ፣ ለፖሊሱ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ያበጃል። "እዚህ ቆሜያለሁ..." ጀመረና ተወው፤ የሰው ነው። "ዛሬ እኔን ብታስሩ..." ይኼም የሆነ ሰው ብሎታል። ታላላቆቹ ጥሩ ጥሩውን ሁሉ ተናግረው ጨርሰውበታል።

ቀጣዩ መንደር ጋ መንገዱ ይታጠፋል። እዚያ መታጠፊያ ላይ የፔሳሌሊ አውቶቡስ ብቅ አለ። ሌሊቱን የሚስቱ ቤተሰቦች ዘንድ አሳድሯት፣ ጎህ ሲቀድ በግራ መንዳት ሊለማመድ ያወጣት ነች። ያቺ አረንጓዴና ቢጫ የተቀባች የእንጨት አውቶቡስ ሙዚቃዋን እያንባረቀች በትክክለኛው በግራዋ፣ ማለት በአውኩሶ ቀኝ፣ ማለት በቀጥታ ወደ አውኩሶ አፍንጫ መጣች።

"አውኩሶ!" አለች ሉፔሲና።

"ዝም በዪ። እሱ ነው የሚታጠፈው።"

"እሱ በመንገዱ ነው የሚሄደው፣ አንተ ሰውዬ!"

ልቡ ገና ከሮማ ጋር ሲመካከር እጆቹ ወሰኑ። መሪውን ጠመዘዙት፣ ፒክአፑ አቧራ አንሥቶ ወደ ግራ ዘለለ፣ አውቶቡሷ ጥሩንባዋን እየነፋች አጠገባቸው አለፈች። ሉፔሲና ዘንቢሉን እንዳቀፈች ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና፣ "ከመሞት መሰንበት" አለች።

አውኩሶ ወደ ቀኝ መመለስ ነበረበት። ያውቃል። እጆቹን ተመለሱ አላቸው፤ አሻፈረኝ አሉ። እስቲ ያቺን የዳቦ ፍሬ ዛፍ ልለፍና አለ፤ አለፋት። እስቲ ድልድዩን ልሻገርና አለ፤ ተሻገረው። እንዲህ እንዲህ ሲል በግራ በኩል፣ ቀጥ ብሎ፣ መገናኛው ደረሰ።

መገናኛው ላይ ፖሊሶች፣ ፓስተሩና አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ከማለዳ ጀምረው ተሰልፈው ነበር። የመጣላቸው መኪና ግን አልነበረም። የአውኩሶ ፒክአፕ በግራ በኩል ብቅ ሲል ጭብጨባው ቀለጠ። ፓስተሩ ባረኩት። ድሮ ያስተማረው ፖሊስ ሮጦ መጣና በመስኮቱ እጁን ጨበጠው።

"መምህር! እኛ እኮ ያምፃሉ ተብለን የምንጠብቀው እርስዎን ነበር! ሰው ስም ሲያጠፋ ዝም ነው!"

ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን አስገባ። "በአካባቢው ግራውን መጀመሪያ የያዙት እርስዎ ነዎት። ምን ተሰማዎት?"

አውኩሶ ዕድሜውን ሙሉ በሕልሙ ሲያየው የኖረው ማይክሮፎን ነው። አፉን ከፈተ። እስክንድር፣ ቄሳር፣ ሉተር፣ ሁሉም ጥለውት ሄደዋል።

"መንገዱ... ሰፊ ነው" አለ።

ሉፔሲና አዘነችለት መሰል ጎንበስ ብላ፣ "ቁርስ በልታችኋል?" ብላ ፖሊሶቹን ጠየቀቻቸው። ለእስር ቤት የተሰነቀውን ጎደሬ እዚያው መንገድ ዳር ለሕግ አስከባሪዎች አካፈለችው። ዘንቢሉ ባዶውን ተመለሰ።

መንደሩ በሬዲዮ ሰምቶ ጠበቀው። ቶፊንጋ ከቤታቸው ምሰሶ ተደግፈው፣ "መምህር፣ አመፅህን ሰማነው" አሉት። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስኖር መንግሥት ያጨበጨበለት ዓመፀኛ አላየሁም።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "ግራው" ሆነ። ሕፃናት ሳይቀሩ "ግራው መጣ!" ይሉ ጀመር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው።

ትምህርት ሲከፈት ደግሞ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ሉተርም መሪውን ጠምዝዞ ነበር?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አውኩሶ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ራሱ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ስለ አያቱ አነሣላቸው። በቅኝ ገዢዎች ዘመን፣ በአንዲት ዲሴምበር፣ አባቶች ለነፃነት በዋናው ከተማ መንገድ ላይ ያለ መሣሪያ ተሰልፈው ጥይት ሲዘንብባቸው፣ አያቱም ሊሰለፉ ተነሥተው ነበር። ግን ዋዜማውን የበሉት ዓሣ ሆዳቸውን አሟቸው፣ ጀልባው ጥሏቸው ሄደ። "ያን ቀን የወደቁት ሰዎች አልታጠፉም" አላቸው። "እኔ ደግሞ የተወለድኩት ከቀሩት ወገን ነው። ከዓሣው ወገን።" ልጆቹ በዚህ አልሳቁም። እሱም ድሮ ራሱን ከታላላቆቹ ጋር ሲያስተያይ ልዩነቱ የዕድል ይመስለው ነበር፤ አሁን ግን ልዩነቱን እጆቹ ያውቁታል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የአውቶቡሶች በር የተሠራው ለድሮው መንገድ ስለነበር፣ አሁን ተሳፋሪ የሚወርደው መሀል አስፋልት ላይ ሆነ። አንዲት ነፍሰ ጡር ለጥቂት ስትተርፍ ሸንጎው ተሰበሰበ። ፌርማታው ላይ ቆሞ መኪና የሚያስቆም ሰው ይመረጥ ተባለ። ቶፊንጋ ዓይናቸውን እንኳ ሳያነሡ፣ "ግራን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም" አሉ።

ስለዚህ የአውግስጦስ ሞክሼ ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ ማታ ከትምህርት በኋላ፣ ቀይ ጨርቅ ይዞ ፌርማታ ላይ ይገተር ጀመር። አሳማዎቹ ያልታዘዙትን ሰውዬ መኪናዎች ታዘዙት። ጨርቁን ሲያነሣ ይቆማሉ፤ ሲያወርድ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ደስ አለው፣ በኋላ በደስታው አፈረ፣ በኋላ ደግሞ ተወው።

አንድ ቀን ማታ አሮጊቷ ፉአቲኖ ከፔሳሌሊ አውቶቡስ ሲወርዱ ዶሮ በብብታቸው ይዘው ነበር። አውኩሶ ክንዳቸውን ይዞ መሀል መንገድ ላይ እንደደረሱ፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና መታጠፊያውን እየበረረ መጣ። ጨርቁን አነሣ። መኪናው አልቀነሰም። ሁሉም ሰው የአውኩሶን እጅና እግር አየ። አልተነቃነቀም። ጨርቁን ከፍ አድርጎ፣ አሮጊቷን ከኋላው ከልሎ፣ ፍሬኑ እየጮኸ መኪናው አንድ ስንዝር ሲቀረው እስኪቆም ድረስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ፔሳሌሊ ከአውቶቡሱ ዘሎ ወረደ። "አንተ ሰውዬ! በኔ ጊዜ የት ነበር ይኼ ወኔ?"

"የምን ወኔ" አለ አውኩሶ። "ልሮጥ ነበር። ሴትዮዋ ሽርጤን ከኋላ ጨብጠው ይዘውኛል። ብሮጥ ራቁቴን ነው የምሮጠው።"

ፉአቲኖ እውነትም እስካሁን አለቀቁትም ነበር። "እኔ እሱን ያዝኩ?" አሉ ተቆጥተው። "ዶሮዬን ነው የያዝኩት!" ዶሮዋ ግን ገና ድሮ አምልጣ አጥር ላይ ወጥታለች።

ማን ማንን እንደያዘ መንደሩ እስከዛሬ ይከራከራል። አውኩሶ ሲጠየቅ ሁልጊዜ ሽርጡን ነው የሚያነሣው። ሉፔሲና ግን ያን ማታ ምንም ሳትቀልድ እግሩን በሙቅ ውሃ አጠበችለት።

የአውቶቡሶቹ በር በሌላው ጎን ተቆርጦ ሥራው ሲያበቃ ሸንጎው ድግስ ደገሰ። አሳማ ታረደ። ንግግር አዋቂው ቶፊንጋ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ "በአገራችን ታሪክ በዚያ ታላቅ ማለዳ፣ ከሁሉ ቀድሞ ለሕግ የታዘዘው ጀግናችን..." ብለው ጀመሩ። አውኩሶ ሊያርማቸው ከተቀመጠበት ግማሽ ተነሣ። የታሪክ መምህር ነውና ስሕተት ሲሰማ ያንገበግበዋል። በዚህ መሀል የአሳማው የወገብ ሥጋ፣ ለትልልቅ ሰዎች ብቻ የሚቀርበው፣ በቅጠል ላይ ሆኖ ፊቱ መጣ። ስቡ ያበራል።

ሉፔሲና ከማዶ አየችው። አውኩሶም አያት። ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠና መብላት ጀመረ።