ትንሿ ካሜራና ግራጫው ኮት

ታንጉ ስለ ካሜራ ብዙም ሳታውቅ ካሜራ የገዛች ሴት ናት። በሱዳን ጠረፍ ባለችው ሸሕዲ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ እኔ ሻይ ከማፈላበት ዳስ ጎን ያለችው የቆርቆሮ ክፍል የእሷ ፎቶ ቤት ናት። በሯ ላይ ስሟን በቀለም የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ከአምስተኛ ክፍል ስወጣ ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር የእጅ ጽሕፈቴ ነው፤ ሌላውን ረስቼዋለሁ።

ክረምቱ ሲገፋ ከጎጃምም ከወሎም ሰው ወደ እኛ ይወርዳል፤ ለአረም፣ ከዚያም ለሰሊጥ አጨዳ። ደላላው ቆጥሮ ትራክተር በሚጎትተው ተሳቢ ላይ ከመጫኑ በፊት አብዛኛው ታንጉ ዘንድ ይገባል። የመሄጃ ፎቶ ይሉታል። ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ግራጫ የሰልባጅ ኮት አለ፤ የላይኛዋ ቁልፍ ግማሿ ተሰብሯል። ኮቱ የቤቱ ነው። አንዱ ሲያወልቅ ሌላው ይለብሳል። እጅጌው ለረጅሙ ያጥራል፣ ለአጭሩ ይረዝማል፤ ታንጉ ከደረት በላይ ስለምታነሳ ማንም አያውቅም። ፎቶው ታትሞ ገመድ ላይ ይሰቀላል። አጨዳው ሲያልቅ ባለቤቱ ተመልሶ ይወስደውና ለእናቱ ይዞላት ይገባል። ያልተመለሰው ሰው ፎቶ እዚያው ይከርማል። ወባ አለ፣ ካላዛር አለ፣ የመንገዱ ጣጣ አለ። ታንጉ በየዓመቱ ጥር ላይ የቀሩትን አውርዳ ብስኩት ካርቶን ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። አዲሱን ካሜራ ስትገዛ ሁለተኛውን ካርቶን ጀምራ ነበር።

አሮጌ ካሜራዋ አልሠራ ባለበት ዓመት ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል ይጎርፍ ጀመር። ከመጡት አንዷ ዘሀቢያ ነበረች፤ ካርቱም ውስጥ የሠርግ ፎቶ አንሺ የነበረች፣ እናቷ ሐበሻ ስለሆነች አማርኛ የምትናገር ሴት። ሁለት ካሜራ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ለጎንደር መንገዷ አንዱን ልትሸጥ የእኔ ዳስ ውስጥ ተቀመጠች።

ታንጉ ወዲያው ትልቁን አነሣች።

«ይኸን ነው የምፈልገው። ሰው ትልቅ ካሜራ ሲያይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።»

«ያ ኡኽቲ» አለች ዘሀቢያ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «በኪሎ ልትሸጭው ነው ወይስ ፎቶ ልታነሽበት?»

«ትንሿማ መጫወቻ ትመስላለች።»

«የትልቁ ሆድ ውስጥ መስታወት አለ፤ ባነሳሽ ቁጥር ይዘላል፣ ቦታ የሚፈጀው እሱ ነው። ይች ሚረርለስ ናት፣ መስታወት የላትም። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሯ ግን ከዚያኛው ይሰፋል። ፉል ፍሬም የሚባለው እሱ ነው። ጨለማ ቤት ውስጥ እንኳ የሰው ፊት አታጠቁርም። የአንች ክፍል ደግሞ...» ዞር ብላ አየችው፤ «መቃብር ነው።»

«መስኮት አልሠሩለትም» አለች ታንጉ፣ አፍራ።

«እኔ ብዙ መስኮት ያለው ቤት ነበረኝ» አለች ዘሀቢያ።

«ትንሿን ያዥ» አልኳት እኔ። «ኬላ ላይ ነጠላሽ ሥር ትደበቅልሻለች።»

ታንጉ የጆሮ ወርቋን አውልቃ ሰጠች። ካሜራዋ እንዲህ ተገዛች።

ዘሀቢያ ሁለት ቀን ቆይታ አስተማረቻት። የሌንሱን ቁጥር ዝቅ ስታደርጊው ከሰውየው ኋላ ያለው ሁሉ ደብዝዞ ይቀልጣል፤ ከፍ ስታደርጊው ሁሉም ይታያል። «ጀማሪ ማቅለጥ ይወዳል» አለቻት። «አትልመጅው። አንዳንዴ የኋላውም ያስፈልጋል።» ታንጉ አልሰማቻትም። ሸሕዲን የሚያቀልጥ ነገር በእጇ ገብቶላት እንዴት ትሰማ?

ሁለት ሳምንት ሥራ ፈትታ አነሣች። የዝናብ ጠብታ በቆርቆሮ ጫፍ ላይ፣ ጀሪካን የተሸከመች ሴት፣ የተኛ አህያ። እኔንም ሻይ ስቀዳ አነሣችኝ። በካሜራዋ ጀርባ ባለው መስኮት አሳየችኝ። ፊቴ ላይ ያለው መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከኋላዬ ግን ላስቲኩ፣ ጭቃው፣ ጎማ የሌለው አይሱዙ፣ ሁሉም አረንጓዴና ቢጫ ውኃ ሆኗል።

«ይች ሴት የት አገር ናት?» አልኳት።

«የትም!» አለችና ሳቀች። ታንጉ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ለይኩን የሚባል ጎጃሜ ሠራተኛ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በየአጨዳው ተመላልሷል፤ ሦስቱን ጊዜ ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ ከፎቶው ይልቅ ታንጉ ዘንድ ነበር የሚቆየው። በአራተኛው፣ አጨዳው ሲያልቅ ሽማግሌ እልካለሁ አላት። ታንጉ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ከእሱ ሌላ የምትጠብቀው አልነበራትም።

መስከረም መባቻ ላይ ሊሄድ መጣ። ተሳቢው ዳሴ ፊት ቆሟል፤ ደላላው አምባው ሰው ይጭናል።

«ዛሬ ውጭ ነው የማነሣህ» አለችው ታንጉ። «ኮቱን ልበስ።»

«ሸሚዜ ምን ሆነ?»

«ትከሻህ ላይ ሌላ ጨርቅ ተጥፎበታል።»

«ሰሊጡ እንደሆነ አይቶ አይስቅብኝም።»

«እናትህ ታየዋለች። ልበስ ብያለሁ!»

ለበሰ። ተሳቢው ፊት አቆመችው። በተሳቢው ነጭ ጎን ላይ በቀይ ቀለም የባለ እርሻው ስም ተጽፎበታል። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ቀና ብዬ አይቼዋለሁ፤ አላነበብኩትም።

«አንች! ለአንድ ሰው ስንት ጊዜ ነው?» ብሎ ጮኸ አምባው። «ሙሽራ አደረግሽው እኮ!»

«ይደርሳል ገና!» አለ ለይኩን። የተጫኑት ሁሉ ሳቁ። ኮቱን አውልቆ ሰጣትና ወጣ፤ ተሳቢው ሄደ።

ታንጉ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንሥታ አታውቅም። ሳይስቅ ሊስቅ ሲል ይዛዋለች። ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል። ከኋላው ለስላሳ ቀይና ለስላሳ ነጭ ብቻ ነው። ገመዱ መሐል ላይ ሰቀለችው።

ጥቅምት ሌሎች ተመለሱ። ኅዳርም ተመለሱ። የእሱ ስልክ አይጠራም። አምባውን ይዘን ጠየቅነው።

«በዚያ ሳምንት ስንት ተሳቢ ጫንኩ! እንደት ብዬ ልለየው?» አለ። «ተሳቢው ላይ የተጻፈውን ስም ንገሩኝ፣ እርሻው የት እንደሆነ አሁኑኑ እነግራችኋለሁ።»

ታንጉ ካሜራዋን አወጣች። ፎቶውን አጎላችው፣ ጨምራ አጎላችው።

«እታለም፣ ይች ‹መ› አትመስልሽም?»

አየሁት። ፊደል ለመለየት አምስተኛ ክፍል ይበቃል። ቀይ ጭስ ነው እንጂ ፊደል አይደለም።

«አትመስለኝም» አልኳት።

«እንደገና እይው።»

«ታንጉ፣ የለም።»

ፎቶውን ይዛ እርሻዎቹ ወዳሉበት ወደ ኮኪት ወረደች። ከእርሻ እርሻ በእግሯ ዞረች። በገለጉ በኩል ወዳሉት እርሻዎች የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል ብለው መለሷት። አንድ የሠራተኞች አለቃ ፎቶውን አይቶ፣ «እህቴ፣ እዚህ ኮት የሚለብስ የለም» አላት። «እዚህ ሁሉም ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ ነው የሚውለው። ስም አንጠራራም፤ ጎጃሜው ነው የምንለው። ጎጃሜው ደግሞ ብዙ ነው።» በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ያመጣችው አቧራ ብቻ ነበር።

ጥር ላይ የለይኩን እናት መጡ፤ እማማ የዓለምወርቅ ይባላሉ። ልጃቸው ሸሕዲ ፎቶ የምታነሣ አንዲት አለች ብሏቸው ስለነበር ጠይቀው ደረሱ። ታንጉ ፎቶውን ሰጠቻቸው። ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ኮት ለብሷል» አሉ። «ደልቶታል ማለት ነው?»

ታንጉ በርጩማ አቀረበችላቸው፤ ሳይቀመጡ ቀጠሉ።

«አግኝቶ ነው እንግዲህ። አግኝቶ ረሳን። ይርሳን፣ ልጄ! እኔ የፈራሁት ሌላ ነበር።»

ኮቱ ከእሳቸው ጀርባ ምስማሩ ላይ ነበር። እንዳያዩት በቀስታ አወረድኩት፣ ነጠላዬ ሥር ከተትኩት፣ ብርጭቆ እንደሚያመጣ ሰው ሆኜ ወጣሁ። እማማ ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልለው ጡታቸው ሥር አድርገው ተሳፈሩ። ታንጉ በዚያ ቀን ስለ ኮቱ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልመለስኩትም። ደግ የሠራን መስሎን ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ስልክ ተደወለ። ታንጉ እጆቿ እርጥብ ስለነበሩ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ታንጉ ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ የለይኩን እናት።»

«እማማ! እንደት ከረሙ?»

«የጎረቤቴ የመነን ልጅ ከእናንተ አገር ገባ። እሱም ፎቶ ይዞ መጣ።»

ታንጉ እጇን መጥረግ አቆመች።

«ኮቱ አንድ ነው። አንድ ዓይነት አልኩና ተውኩት። ኋላ የአንች ፎቶ ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ አጥርቼ አየሁት። የተሰበረችዋ ቁልፍም አንድ ናት» አሉ። «ኮቱ የማን ነው፣ ልጄ?»

ታንጉ አየችኝ። ኮቱ ከእግሬ ሥር፣ ስኳር ከማስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ነው።

«የቤቱ ነው፣ እማማ» አለች። «ሁሉም ይለብሱታል።»

ስልኩ አልተዘጋም። ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል።

«ታዲያ ልጄ ምን ለብሶ ሄደ?»

«አረንጓዴ ሸሚዝ። ትከሻው ላይ ቡኒ ጨርቅ የተጣፈበት።»

«ቡኒው የእኔ ቀሚስ ነው» አሉ። «በዚያ አላነሣሽውም?»

«አላነሣሁትም፣ እማማ።»

በሳምንቱ እማማ ለለይኩን ለቅሶ መቀመጣቸውን ሰማን።

ካሜራዋ አለች። ዘንድሮ ታንጉ የሌንሱን ቁጥር ከፍ አድርጋ፣ ሠራተኛውን በገዛ ልብሱ ተሳቢው ፊት አቁማ ታነሣለች። የባለ እርሻው ስም ይነበባል፣ ጭቃው ይታያል፣ የዳሴ ላስቲክም ይታያል። ሰዎቹ አይወዱትም። «ኮቱስ?» ይሏታል። የለም ስትላቸው ጥቂቱ ይነሣል፤ የሚበዛው ከመናኸሪያው ማዶ አዲስ ወደተከፈተው ፎቶ ቤት ይሻገራል። እዚያ ጥቁር ኮት አለ ይላሉ፤ ከክራቫት ጋር።