ፋስት የሚሉት ቃል

እንግሊዝኛ የለመድኩት ኤደን ወደብ ላይ ዕቃ ስሸከም ነው። ሁለት ዓመት ከርሜ ወደ አንኮበር ስመለስ ጥቂት ቃላት ይዤ መጣሁ፤ ከሁሉም አብልጬ የማውቀው «ፋስት» የሚለውን ነበር። አለቃችን ከበላያችን ቆሞ ሲጮህብን የሚውለው በእሱ ነዋ! ቶሎ በሉ ማለቱ ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ድንጋይና ቅጠል የሚሰበስብ አንድ እንግሊዛዊ አንኮበር መጣ። ቋንቋውን እንደምሰማ ነግረውት አስተርጓሚ አድርጎ ያዘኝ። አንድ ረቡዕ ሥጋ ቢያቀርብልኝ እንቢ አልኩ።

«ፋስት ነው?» አለኝ።

የምን ጥድፊያ ነው ብዬ ግራ ገባኝ። አፉን በእጁ ሸፍኖ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያመለክት ነው ጾምንም በዚያው ቃል እንደሚጠሩት የገባኝ። ሳቅን። ሁለት ነገር የያዘ ቃል ሦስተኛ ሊኖረው እንደሚችል ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

በበልግ ዝናብ መሀል ወደ ባሕር ልመለስ ብሎ ተነሣ። ሳጥኖቹን ቆላ ካለው ገበያ፣ እስከ አልዩ አምባ፣ የሚያወርድለት አጋሰስ ነጂ እኔው ፈለግሁለት። ጎረቤቴ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ያንን ቁልቁለት የእሱን ያህል የሚያውቅ አልነበረም። የዚያን ጠዋት ግን ልቡ አልወደደውም። ጉሙ ከቆላው እየተንከባለለ ወጥቶ መንገዱን ውጦታል፤ መሪዋ በቅሎ ሁለት ጊዜ ቆማ አልሄድም አለች።

«ዛሬ ብንቀርስ፣ ነገ ብንነሣ?» አለኝ።

«ፈረንጁ ቸኩሏል ጋሼ።»

«እሱማ መንገዱን መች ያውቀውና።»

ጭነቱን አጠባበቀና ወደፊት ቀደመ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ መንገዱን ጎርፍ ወስዶት አገኘነው። የቀረችው ጠርዝ በቅሎ ባዶዋን ብቻ የምታልፍባት ናት። ስለዚህ ሳጥኖቹን በገመድ ለማውረድ ተስማማን። ጋሼ ከላይ ሆኖ ገመዱን በወይራ ግንድ ላይ አዙሮ ያዘ፤ እኔ ከመሀል ቆምኩ፤ እንግሊዛዊው ከታች ይቀበላል። ከጉሙ የተነሣ ሁለቱ አይተያዩም። የሚገናኙት በእኔ አፍ ነበር።

ሁለቱ ሳጥኖች በደህና ወረዱ። ሦስተኛው ከባዱ ነው። ሳጥኑ ገና ከእኔ ዝቅ እንዳለ ከታች ድንጋይ ሲናድ ሰማሁ፤ ወዲያው እንግሊዛዊው በድንጋጤ «ሆልድ ፋስት! ፋስት!» ብሎ ጮኸ። ለጆሮዬ የደረሰው የማውቀው ቃል ብቻ ነው።

«ቶሎ! ቶሎ በል ጋሼ!» አልኩ።

ጋሼ ገመዱን ለቀቀው። ሳጥኑ ሲምዘገዘግ የገመዱ ጥምጥም እግሩን ጠልፎ ይዞት ወረደ። በአጠገቤ ሲያልፍ የጋቢው ጫፍ ፊቴን ነካኝ።

ወገቡ ተሰብሮ በቃሬዛ ወደ ቤቱ መለስነው። አመሻሹ ላይ እንግሊዛዊውን «ምን ማለትህ ነበር?» አልኩት። ገመድ አንሥቶ በሁለት እጁ ጨብጦ አሳየኝ። አጥብቀህ ያዝ ማለቱ ነበር። የቃሉ ጥንተ ትርጉም ይኸው ነው አለኝ፤ መጥበቅ፣ አለመነቃነቅ። ጾሙም የመጣው ራስን አጥብቆ ከመያዝ ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ በርትቶ ከመሮጥ የተወለደ፣ በኋላ የተጨመረ ነው። እኔ የመጨረሻውን ብቻ ይዤ ነው በሰው ነፍስ ላይ የጮህኩት።

ጋሼ ከዚያ በኋላ የኖረው ስድስት ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ሚስቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። ዓይኑን ከጣራው ሳይነቅል አዳመጠኝ።

«ለእሷ ነግረሃታል?»

«ገና ነኝ።»

«እንዳትነግራት። ካወቀች ደጄን አታስረግጥህም። መሬቴን የሚያርስላት ሌላ ሰው የለኝም።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

አራት ዓመት አረስኩላት። በየመኸሩ እጆቿን ዘርግታ «ወንድም ሆንከኝ፤ እግዜር ዕድሜ ይስጥህ» እያለች ስትመርቀኝ አንገቴን እደፋለሁ። ከብቱ በበሽታ ባለቀበት ዓመት ሁለቱም በሬዎቿ በአንድ ሳምንት ሞቱ። ዶማ ይዤ ሄድኩ። ደረቁን መሬት ስታገል ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ምን ውለታ ውዬልህ ነው እንዲህ የምትለፋልኝ?» አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ አደራ ብሎኝ ነው» አልኳትና ወደ መሬቱ አጎነበስኩ።