ጥቁር የለበሰችው ተሳፋሪ

ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ከስልኳ ላይ ዓይኗን አትነቅልም። የጉና ተራራ ብቅ ሲል መልእክት ገባላትና ብድግ ስትል ራሷ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ።

«ምን ተገኘ ልጄ?» አሉ አጠገቧ ያሉት ቄስ።

«ከባልደረቦቼ ጋር በቤተ ሙከራ ከጤፍ ቅንጣት የምታንስ ሌዘር፣ ብርሃን የምታመነጭ መሣሪያ፣ እየሠራን ነበር፣ አባ። ዛሬ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ቅጽበት የብርሃኗን ቀለም ቀየረች፤ ምንም ሳትቆራረጥ።»

«ሳይተነፍሱ ከግዕዝ ዜማ ወደ ዕዝል እንደ መሻገር?»

«ልክ እንደሱ። ባለፈው ወር የቀበርናቸው አባቴም ስለ ሥራዬ ስነግራቸው እንዲሁ በዜማ ነበር የሚመስሉልኝ።»

እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ሐዘኗ ትዝ ሲላት ግን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ቄሱ ወደ እኛ ዞሩ። «እሷ ሐዘን ላይ ናት። እናንተ እልል በሉላት እንጂ።»

እኛ ሴቶቹ ሌዘር ምን እንደሆነ ሳናውቅ እስከ ገሳይ ድረስ እልል አልንላት።